የቤት መርዶ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ላይ እንዳሻውን የማያውቅ ሐበሻ ካለ፣ መኪና የሌለው ሐበሻ ነው። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁልፍ ሲቀበልና ሲመልስ ያረጀ ሰው ነው። መኪና እንደ መጽሐፍ ይደረድራል፤ ከመሃል አንዱን ለማውጣት የቱን እንደሚገፋ፣ የቱን እንደሚያጥፍ እሱና ፈጣሪ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

በዚህ ብቻ ቢታወቅ ደግ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ግን ብድርን እንደ ደመኛ በመጥላቱ ነው። ክሬዲት ካርድ የለውም። አንድ ቀን አንድ ወጣት ደንበኛ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ክሬዲት ከሌለህ እኮ ሰው አይደለህም» ቢለው፣ «ታዲያ መኪናህን ማን ፓርክ አደረገልህ?» ብሎ ቁልፉን አቀበለውና ዞር አለ። ሶፋ ሊገዛ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሱቅ ሲገባ ሻጩ ከየት አመጣኸው ብሎ አፍጥጦበታል። እንዳሻው ግድ የለውም። የሰው ገንዘብ ቤት ውስጥ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም ባይ ነው።

ሚስቱ የሺሃረግ ደግሞ የጠላችው ነገር ሌላ ነበር። ያደገችው አዋሽ ሸለቆ፣ በአንድ ሰፊ እርሻ የሠራተኞች መንደር ውስጥ ነው። አባቷ ትራክተር ነጂ ነበሩ፤ ቤቱም የእርሻው። አባቷ ሲሞቱ አርባቸው እንኳን ሳይወጣ ቤቱ ለሌላ ሠራተኛ ተፈለገና አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ድስቱ ሁሉ መንገድ ዳር ተደረደረ። የሺሃረግ ያኔ ገና ልጅ ናት። ታናሽ ወንድሟን ተስፋሁንን አዝላ ከዕቃው አጠገብ ቆማ ነበር። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ፍራሻቸውን ሲያይ የተሰማት ሀፍረት አሜሪካም ድረስ ተከትሏት መጣ።

ሎስ አንጀለስም ብትሆን አላሳረፈቻትም። መጀመሪያ ሃውቶርን የሚባል አካባቢ ነበሩ፤ ሕንፃው ሲሸጥ ውጡ ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ካርቶን ማሰር፣ ካርቶን መፍታት ሆነ ኑሯቸው። የሺሃረግ ቀን ፓሳዴና አንዲት አሮጊት ስትንከባከብ ትውላለች፤ የምትገባበት ቤት የሰው፣ የምታድርበትም ቤት የሰው። ልጅ አልወለዱም። ወርቅም ልብስም ጠይቃው አታውቅም። የጠየቀችው ማንም ተነስቶ «ውጪ» የማይላትን ቤት ብቻ ነው።

እሱን ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከባንክ ሳይበደሩ ማግኘት አይቻልም። አንድ ደላላ ስለ ሠላሳ ዓመት ብድር አውርቷቸው ሲወጣ እንዳሻው ሳቀም ተናደደም። «ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት እንደምኖር ባንኩ ማን ነገረው?»

መላውን ያመጣው አድማሱ ነው። አድማሱ አገር ላገር የሚዞር የጭነት መኪና ሾፌርና የእንዳሻው የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ምሳ እየበላ፣ «ጋሼ፣ እንጨት የምጭንበት አገር አለ» አለ። «ፍሎሪዳ ስልህ ማያሚ እንዳይመስልህ። ወደ ላይ ነው፣ ጥድ በጥድ። መሬቱ በጣም ቺፕ ነው። ግን አልዋሽህም፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ሃሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስም አለ።»

የሺሃረግ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ሰማች። «እንደ አዋሽ ይሞቃል?»

«ኧረ ይብሳል እትዬ! ላብ በላብ ነው።»

«በቃ» አለች፣ እንጀራውን ወደ እሱ እየገፋች። «እዚያ ነው።»

ያጠራቀሟት ገንዘብ መሬቷን ገዛችና አለቀች። ከዚያ በኋላ ቤቱ እንደ ደሞዛቸው ነበር የሚያድገው። እንዳሻው በየዓመቱ የመኪና ማቆሚያውን ለሰው አደራ ሰጥቶ ይሄዳል፤ የያዘው ሲያልቅ ይመለሳል። መጀመሪያ ጎርፍ እንዳይደርስበት አፈር ደልድሎ ከፍ አደረገው፤ በሚቀጥለው የሲሚንቶ ወለል አፈሰሰ፤ ከዚያ የእንጨት ቋሚና ማገር። ጎረቤቱ የገዛ ቤቱን በገዛ እጁ የሠራ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር፤ መዶሻ አያያዝ ሳይቀር ያረመው እሱ ነው። ነፋስ ከነፋስ እንዲገናኝ መስኮቶቹን ፊት ለፊት አደረጋቸው። ፀሐዩን እንዲመልስ ነጭ ቆርቆሮ አለበሰው። የጣሪያውን እንጨት አንድ በአንድ ከግድግዳው፣ ግድግዳውን ከወለሉ ጋር በብረት ማሰሪያና በቡሎን ጠፈረው። አድማሱ አይቶ፣ «ቤት ነው ጭነት ነው የምታስረው?» ብሎ ስቆበታል።

ባንክ የሌለበትን ቤት ኢንሹራንስ ግባ ብሎ የሚያስገድድ የለም። እንዳሻውም በየወሩ የሚከፈል ነገር ሁሉ የብድር ዘመድ ነው ብሎ ስለሚያምን ጆሮውን አልሰጠም። ያ አንድ ጥፋቱ ነው።

ከቤቱ በስተምዕራብ ወርካ የሚያክል ዛፍ ነበር። ሽማግሌው ጎረቤት፣ «ይህን ቁረጠው፤ እዚህ አገር ሰው የሚገድለው ነፋሱ ሳይሆን ዛፉ ነው» አለው። እንዳሻው ዛፉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሚስቱ ላከላት፤ ወዲያው ደወለች።

«ዛፏንማ እንዳትነካብኝ! እንዲህ ያለ ጥላ በመጋዝ ይጣላል እንዴ? እሷ ስር ነው ወንበሬን የማወጣው።»

አልነካትም።

ሌላው ጥፋቱ ግን ከሁሉም ይከፋል። የሺሃረግን አንድም ቀን ወደ ቤቱ አልወሰዳትም። እሱ ባደገበት ወግ ቤት ተጋምሶ አይታይም፤ አልቆ፣ ቄስ ጠበል ረጭቶበት፣ በእልልታ ነው የሚገባው። «ቢያንስ ሚስማር ላቀብልህ» ስትለው፣ «የሙሽራ ቤት ነው፤ ሲያልቅ ትገቢያለሽ» ይላታል። ጣሪያው ሲያልቅ በሩ ቀረ። በሩ ሲገጠም የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ቀረ። መደርደሪያው ሲሰቀል የበረንዳው ቀለም ቀረ። ቤት የሚሠራ ሰው አመሉ ነው፤ በቃኝ ማለት አይሆንለትም። የሺሃረግ በስልክ የመጣላትን ፎቶ ፓሳዴና ለምትንከባከባት አሮጊት እያሳየች «ቤቴ» ትላለች፤ አሮጊቷም ሁልጊዜ ረስታ እንደ አዲስ ታደንቅላታለች።

በፈረንጆቹ 2018 ጨጓራ ነው እያለች ስታስታምመው የከረመችው ሕመም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። እንዳሻው መዶሻውን ጣለና ሆስፒታል ማመላለስ ጀመረ። ቤቱ ከበረንዳው ቀለም በቀር አልቋል። የኬሞ ሕክምናዋ እንዳለቀ፣ ለኅዳር ጽዮን ሊመርቁት ተስማሙ። ቄሱም ተነግሯቸዋል።

አውሎ ነፋሱ የመጣው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ከባሕሩ ርቆ ወደ ውስጥ እንዲያ ይዘልቃል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ቀናት ሙሉ ስልክ አልሠራ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጎረቤት ደወለ፤ እንዳሻው የሰው መኪና ውስጥ፣ ማርሹን ይዞ ተቀምጧል። ሽማግሌው ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረው። ዛፏ ጣሪያው ላይ ወደቀች። በተሰነጠቀው በኩል ነፋስ ገባና ቤቱን ከውስጥ አፈነዳው። ማሰሪያው የቻለውን ያህል ይዟል፤ ማሰሪያው የያዘው እንጨት ራሱ ከተሰበረ ግን ምን ሊያደርግ ይችላል? የቀረው የሲሚንቶው ወለል ነው። እንዳሻው በዚያ ቀን፣ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰው መኪና ከግንብ ጋር አላተመ።

ማታ ቤት ሲገባ የሺሃረግ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች። ኬሞው ፀጉሯን ጨርሶታል።

«ማዕበል ነበር አሉ» አለችው። «ቤቱስ?»

ዛፏን እንዳትነካብኝ ያለችው እሷ ናት። እንዳሻው ይህን አስቦ ጫማውን ለማውለቅ አጎነበሰ።

«ደህና ነው» አላት። «ማሰሪያው ያዘው።»

«እኔ አላልኩህም? አድማሱ ሲስቅብህ ነበር» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያች ፈገግታ በኋላ እውነቱን መናገር ለእንዳሻው የማይቻል ነገር ሆነ።

የአሜሪካንን ክረምት ሁሉ አልጋ ላይ ተቀምጣ መጋረጃ ትሰፋለች። «የመኝታ ቤቱ መስኮት ወርዱ ስንት ነው ያልከኝ?» ትለዋለች። እሱ ልኩን በቃሉ ያውቀዋል፤ ይነግራታል። የሌለ መስኮት ልክ እየነገራት፣ እሷም እየቀደደች፣ እየዘመዘመች። ኅዳር ጽዮን ሲደርስ ሐኪሙ ጉዞ ከለከለ ብሎ ዋሸ። ገና ሲደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩ አልተጠገነም አለ። አንዳንድ ቀን መኪናዎቹ መሃል ገብቶ፣ ሰው እንዳያየው አጎንብሶ ያለቅሳል።

የካቲት ላይ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ አልሠራም አሉ። የሺሃረግ ይህን ሰምታ ከሆስፒታል ወጣች። ፌርፋክስ ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

«እንግዲህ ቤቴ ውሰደኝ። ሆስፒታልም፣ እዚህ ኪራይ ቤትም መሞት አልፈልግም። ቤቴ ልሙት።»

«ኤሌክትሪኩ…»

«በሻማ እቀመጣለሁ።»

እንዳሻው እግሩ ወደ መራው ሄደና ራሱን እትዬ እታገኘሁ በር ላይ አገኘው። እትዬ እታገኘሁ የእድሩ እናት ናቸው። በዚያ ሰፈር የስንቱ እናት፣ የስንቱ አባት አገር ቤት ሞቶ መርዶውን የነገሩት እሳቸው ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ ደረታቸውን መቱ።

«አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ወር ብቻህን?»

«ዛሬ ልነግራት ነው እትዬ። እርስዎ አብረውኝ ቢሆኑ…»

«እንዲህ ያለውን ባልና ሚስት ብቻቸውን አይነጋገሩትም፤ ልቧ ቀጥ ይላል። በወጉ ነው የሚነገራት። ለእኔ ተወው።»

ለእሳቸው የከባድ ወሬ መንገዱ አንድ ነው፤ በማለዳ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ። እንዳሻው ልቡ ይህ ነገር አይሆንም ብሎታል። ግን ሌላ ሰው የሚናገርለት መሆኑ አሳረፈውና እሺ አለ። ፈሪ ነበር፤ ይህን አሁን እሱም አይክድም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እትዬ እታገኘሁ ከፊት፣ የእድሩ ሴቶችና ወንዶች ከኋላ፣ ዳቦም ቴርሞስም ይዘው ገቡ። የሺሃረግ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አንድ በአንድ አየቻቸው። የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የተቆለመመውን አንገት አየች። በሰው አገር የኖረ ሰው ይህን ካየ ምን እንደሚያስብ ማሰብ የነበረባቸው እነሱ ነበሩ።

«ተስፋሁን!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ ወደቀች። ያ የሰለለ እጇ ደረቷን ሲደበድብ አሥር ሰው ሊይዛት ተረባረበ።

«ኧረ ልጄ፣ ተስፋሁን ደህና ነው! በማርያም ደህና ነው!» ይላሉ እትዬ እታገኘሁ። ግን መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ አይደል? ማን ያምናል? በመጨረሻ አገር ቤት ተደወለ። ተስፋሁን ከታክሲ ጩኸት መሃል፣ «ሃሎ? የሺ? ምን ሆነሻል?» ሲል ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የሺሃረግ ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፣ ከዚያም ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ ሰዎቹን አየች።

«ታዲያ ማን ሞተ?»

እትዬ እታገኘሁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ይህን መናገሪያ ቃል የላቸውም፤ ተናግረውት አያውቁም። ከበሩ ጥግ እንዳሻው ነው የተናገረው።

«ቤቱ ነው፣ የሺ። ቤቱ የለም።»

«ቤት?» አለች። «ቤት ነው እንዴ? ተመስገን!» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ለቤት ነው ይህን ሁሉ ሰው በጠዋት ያንከራተትከው? ቁጭ በሉ እንጂ። ቁጭ በሉ፣ ሻይ ቅዱ።» እያንዳንዳቸውን እያጽናናች፣ ዳቦውን እያስቆረሰች አስተናገደቻቸው። እትዬ እታገኘሁ ሲወጡ፣ «አየህ? በወጉ ስለተነገራት ቻለችው» ብለውት ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ፊቷ ሌላ ሆነ።

«መቼ ነው?»

«መስከረም።»

«መጋረጃውን ስሰፋ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዛፏ ናት?»

«ነፋሱ ነው።»

«አሁንም ትዋሸኛለህ?» መጋረጃውን ማጠፍ ሲጀምር ሁሉንም ተረዳች። ግን ያቃጠላት ዛፏ አልነበረችም። «ለምን አንድ ቀን አልወሰድከኝም? አንድ ቀን! ቀለም ስላልተቀባ ነው? እኔ ቀለም መቼ ጠየቅኩህ? አንተ ኖረህበታል። ተኝተህበታል፣ በልተህበታል። እኔ ቤቴን በስልክ ነው የኖርኩት።»

እንዳሻው መጣና አጠገቧ ወለል ላይ ተቀመጠ። «ምን ቀረ?» አለችው።

«ወለሉ።»

«ወለሉን ውሰደኝ።»

ሐኪሞቹ አይሆንም አሉ፤ ወሰዳት። አድማሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀበላቸው። ገና መጋቢት ቢሆንም ሙቀቱ ከመኪናው እንደወረዱ ፊታቸው ላይ ወደቀ፤ የሺሃረግ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰችው። በመንገዱ ሁሉ ጥዱ ከወገቡ ተቀንጥሷል። ሽማግሌው ጎረቤት እንደሚመጡ ሰምቶ ወለሉን ጠርጎ፣ አጥቦ ጠብቋቸዋል። ሲሚንቶው ከሣሩ መሃል ነጣ ብሎ ተኝቷል፤ ከጎኑ ዛፏ የተነቀለችበት ጉድጓድ ውሃ ቋጥሯል። የሺሃረግ ጉድጓዱን አይታ አለፈችው።

ወለሉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«በሩ በየት ነው?»

አሳያት። ጫማዋን አወለቀች፣ በበሩ በኩል ገባች። «ይህስ?» «ሳሎን።» «ይህስ?» «ወጥ ቤት፤ መደርደሪያው እዚህ ነበር።» መኝታ ቤቱን ልታይ ስትል እንዳሻው እጇን ይዞ በቀጥታ ሊያሻግራት ቢል፣ ጎትታ አቆመችው።

«ግድግዳ መሃል ልታሳልፈኝ ነው እንዴ? በበሩ ውሰደኝ እንጂ!»

እንዳሻው ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነበት። አድማሱ መኪናው ዘንድ ሄጄ መጣሁ ብሎ ሄደና አልመጣም።

አልጋው ሊሆን በነበረበት ቦታ ፍራሽ ዘርግቶላት፣ ራስጌዋን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተኛች። ጥላ የሚባል ነገር ስላልነበረ እንዳሻው ዣንጥላ ይዞላት ቆመ። ክንዱ ሲዝል በሌላው እጁ ቀየረ። የሺሃረግ ለወራት ያጣችውን እንቅልፍ አፏን ከፍታ ተኛች፤ ሕመሙም ለዚያች ሰዓት የረሳት ይመስል ነበር። ስትነቃ ፀሐይ ወደ ጥዶቹ አዘቅዝቃለች።

«ሞቀኝ» አለች፣ ደስ ብሏት።

እንዳሻው ግንባሯን ሲዳስሳት ትኩሳት ነው። በባሕሩ በኩል ደመና ጠቁሯል። መድኃኒቷ ያለው ከዚያ ርቆ፣ ባረፉበት ሆቴል ነው።

«ትንሽ እንቆይ» አለችው። «እዚሁ ብናድር ምን አለበት? ማን ምን ይለናል?»

«ጣሪያ የለም የሺ፤ ዝናብ እየመጣ ነው። ትኩሳትሽ ጨምሯል።»

«ዝናብ ይምታኝ። ዛሬን ብቻ።»

የመጀመሪያው ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ፈራ። በእጁ ላይ እንዳትሞትበት ፈራ።

«አይሆንም» አላት። «መውጣት አለብን። ነይ፣ ውጪ።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። የሺሃረግም ሰማችው። አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። እንደ ሕፃን ሁለት እጇን ዘረጋችለትና አነሳት።

ሎስ አንጀለስ ከተመለሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ እኩለ ቀን ላይ፣ ፌርፋክስ ባለው ኪራይ ቤት አረፈች። ሰው እየገባ፣ ይህን ያህል ወር አስታመምካት፣ ቤት ሠራህላት፣ ምን አጎደልክባት እያለ ሲያጽናናው፣ እንዳሻው ለሁሉም የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር።

«ከገዛ ቤቷ ‹ውጪ› ያልኳት እኔ ነኝ።»